የጓዳው ገበና በደጁ ገንዳ፦ የቱሳን ከተማ የቆሻሻ ጥናት

በ1973 በአሜሪካዋ አሪዞና ግዛት፣ ቱሳን በምትባል ከተማ፣ ስለ መጠጥ ልማድ የሚጠይቅ መጠይቅ በየቤቱ ዞሮ ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በአንደኛው ሰፈር «አዎ፣ እኛ ቤት ቢራ ይጠጣል» ያሉት ከተጠየቁት 15 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከነሱም ውስጥ በሳምንት ከስምንት ጣሳ በላይ እንጠጣለን ያለ አንድም ቤት አልተገኘም። ጨዋ ሰፈር ነው ያሰኛል።

በዚያው ሰፈር ግን የሚጣለውን ቆሻሻ የሚያዩ ሌሎች ሰዎች ነበሩ። ከ80 በመቶ በላይ በሚሆኑት ቤቶች ቆሻሻ ውስጥ የቢራ ጣሳ አገኙ። ግማሽ ያህሉ ቤት ደግሞ በሳምንት ከስምንት ጣሳ በላይ ይጥላል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። እዚህ ግን ጠጪዎቹ አፋቸውን ይዘው ባዶው ጣሳ ተናገረባቸው።

ይህችን ታሪክ ሰምቶ «ሰው ውሸታም ነው» ብሎ መሄድ ቀላል ነው። ብዙዎች የሚያወሯትም ለዚያው ነው። እኔ ግን ይህ ጥናት ውሸታም አደን አይመስለኝም። ከ20 ዓመት በላይ ቆሻሻ ሲመረምር ያገኘው ከዚያ የሚገርም ነገር ነው። ሰዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ጠያቂውን ሊያታልሉ ፈልገው አልነበረም። በገዛ ቤታቸው ውስጥ ምን ያህል እንደሚበላ፣ ምን ያህል እንደሚጠጣና እንደሚጣል እነሱም አያውቁትም ነበር።

ከማያዎች ፍርስራሽ ወደ ቱሳን ገንዳ

ጥናቱን ያቋቋሙት ዊልያም ራትጂ የሚባሉ አርኪኦሎጂስት ናቸው። ሐርቫርድ የተማሩ፣ የመካከለኛው አሜሪካን የጥንት ማያዎች ያጠኑ ሰው ነበሩ። ለአንድ አርኪኦሎጂስት ቆሻሻ አዲስ ነገር አይደለም። ስለ ጥንት ሰው ኑሮ ከምናውቀው ብዙው የተገኘው ከተጣለ ነገር ነው። ንጉሥ ሐውልት ያቆማል፣ ድል አደረግሁ ብሎ በድንጋይ ላይ ያስቀርጻል። ተራው ሰው ምን በልቶ እንዳደረ የሚታወቀው ግን ከቤቱ ጀርባ ከተከመረው አጥንት፣ አመድና የሸክላ ስብርባሪ ነው።

ራትጂ በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ሲጀምሩ ለተማሪዎቻቸው የሰጡት የቤት ሥራ ነበር። ስለ ሰዎች የምናምነው ነገርና በእጅ የሚጨበጠው ማስረጃ ይገጥማል ወይ? በ1971 ሁለት ተማሪዎች የጥቂት ቤቶችን ቆሻሻ አምጥተው አነጻጸሩ። ገሚሱ ከሀብታም ሰፈር፣ ገሚሱ ከድሃ ሰፈር ነበር። ከጥቂት ቤት መደምደሚያ አይወጣም። ግን መምህሩ ሐሳቡን ወደዱት። ከሺህ ዓመት በፊት የሞተ ሰው ቆሻሻ ይህን ያህል የሚናገር ከሆነ፣ ትናንት የወጣውስ? ለዚያውም ባለቤቶቹ በሕይወት አሉ። የጥንቱን ሰው «ምን በላህ?» ብሎ መጠየቅ አይቻልም። የቱሳንን ሰው ግን ይቻላል።

በ1973 የከተማው ጽዳት ክፍል ለመተባበር ተስማማ፤ ሥራው በወጉ ተጀመረ።

አሠራሩ ቀላል ነው፣ ግን ጥንቃቄ ነበረበት። በጥናቱ ከተመረጡ ሰፈሮች ውስጥ እንዳጋጣሚ የተለዩ ቤቶች ቆሻሻ በመደበኛው የማንሻ ቀን ይነሳል። ከረጢቱ ላይ የሚጻፈው የሰፈሩ የሕዝብ ቆጠራ ቀጠና ቁጥርና ቀኑ ብቻ ነው። የቤት ቁጥር የለም፣ ስም የለም። ከዚያ ተማሪዎች ጋዋን ለብሰው፣ ጓንት አጥልቀው፣ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው በረጅም ጠረጴዛ ላይ ይዘረግፉታል። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ሳይወስዱ ወደ ጠረጴዛው መቅረብ የለም። ቱሳን በረሃ ናት፤ በበጋ ከ40 ዲግሪ በላይ ትሞቃለች። ሽታውን ለእናንተ ትቻለሁ።

ቆሻሻው ወደ 150 በሚሆኑ ዓይነቶች ይለያል። እያንዳንዱ ዓይነት መለያ ቁጥር አለው።

አንድ የሥጋ ማሸጊያ እንውሰድ። የአሜሪካ ሱፐርማርኬት ሥጋ የሚሸጠው በላስቲክ ተጠቅልሎ ነው። ላዩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቱ የሥጋውን ብልት፣ ክብደቱን፣ የአንዱን ፓውንድ (የግማሽ ኪሎ ገደማ) ዋጋና ጠቅላላ ሒሳቡን ይነግርሃል። ማሸጊያው ባዶ ሆኖ ሲመጣ ቤቱ ምን ያህል ሥጋ እንደገዛና ስንት እንደከፈለ ታወቀ ማለት ነው። አጠገቡ ደግሞ የሥጋው ትራፊ ይገኛል። አጥንቱ ለብቻ፣ የተቆረጠው ስብ ለብቻ፣ መበላት ይችል የነበረው ለብቻ ይመዘናል። የተጣለውን ለተገዛው ስታካፍለው ቤቱ ከገዛው ሥጋ በመቶ ስንቱን እንደደፋው ቁጭ ይላል። ከቤቱ እመቤት ጋር አንድ ቃል ሳትለዋወጥ።

«መበላት ይችል የነበረ» የሚለው ክፍል የዚህ ጥናት ልብ ነው። የሙዝ ልጣጭ፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ የዶሮ አጥንት ማንም ቤት ይጥላል። ጥፋት አይባልም። ቢላ ያልነካው ቲማቲም፣ ግማሹ የሻገተ ዳቦ፣ ሳይከፈት የተበላሸ ሥጋ ግን ሌላ ወሬ ነው።

ሥጋ ሲጠፋ ሥጋ ተደፋ

ጥናቱ ገና ሲጀምር አንድ አገራዊ ችግር ገጠመው፤ ለተመራማሪ ሲሳይ ነው። በ1973 አሜሪካ ውስጥ የሥጋ ዋጋ ሰማይ ነካ። በመጋቢት መጨረሻ ፕሬዚዳንት ኒክሰን የሥጋ ዋጋ ላይ ጣሪያ ጣሉ። በሚያዝያ መጀመሪያ የቤት እመቤቶች ሥጋ አንገዛም ብለው አደሙ። የበሬ ሥጋ ከየመደርደሪያው ጠፋ። የተገኘ ቀን ደግሞ ግፊያ ነው።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰው ምን ያደርጋል? ማንም የሚመልሰው፦ ሥጋውን እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃል፣ ቁራሽ አይጥልም ብሎ ነው። የቱሳን ቆሻሻ የተናገረው ግን ተቃራኒውን ነው። በእጥረቱ ወራት ቤቶቹ ከገዙት የበሬ ሥጋ 9 በመቶ ያህሉን ጣሉ። እጥረቱ አልፎ ሥጋ እንደ ልብ ሲገኝ የሚጣለው ወደ 3 በመቶ ወረደ። በጠፋ ጊዜ የሚደፋው በሞላ ጊዜ ከሚደፋው ሦስት እጥፍ!

ተመራማሪዎቹም መጀመሪያ ግራ ገባቸው። ኋላ ያገኙት ማብራሪያ ግን ቤት ለሚያስተዳድር ሰው የሚገባ ነው። ሰው ሲፈራ ይገዛል። «ነገ አይገኝም» ብሎ የዛሬን ሳምንት፣ የዛሬን ወር ያከማቻል። የለመደውን ብልት ስላላገኘ ያልለመደውን ይወስዳል። እንዴት እንደሚበስል አያውቀውም፤ ስንት ቀን እንደሚቆይም አያውቀውም። ማቀዝቀዣው ይጨናነቃል። ከኋላ የገባው ይረሳል። ከዚያ አንድ ቀን ሽታው ይጠራል።

«አንድ ጊዜ የሆነ ነገር ነው» እንዳይባል ስኳር ተከተለ። በ1975 አካባቢ የስኳር ዋጋ በእጥፍ ሲወጣ የሚጣለው ስኳርና ጣፋጭ ነገርም በእጥፍ ጨመረ። ቱሳን ለሜክሲኮ ድንበር ቅርብ ናት። ሰዎች ድንበር ተሻግረው ረከስ ያለ ያልተጣራ ቡናማ ስኳር ያመጡ ነበር። ያ ስኳር ቁም ሣጥን ውስጥ ጥቂት ሲቆይ ድንጋይ ይሆናል። ድንጋዩ ወደ ገንዳ።

ከዚህ በመነሳት ራትጂና ባልደረቦቹ አንድ ሕግ አወጡ። አንድ ዓይነት ምግብ ደጋግሞ የሚበላ ቤት ትንሽ ይጥላል፤ የሚበላው በየጊዜው የሚቀያየር ቤት ብዙ ይጥላል። ዳቦውን ተመልከቱ። በየቀኑ ለሳንድዊች የሚቆረጠው ተራ ዳቦ ገንዳ ውስጥ ብዙ አይገኝም። ለአንድ ቀን ጥብስ ተብሎ የተገዛው የሆት ዶግ ዳቦ፣ ለእንግዳ ተብሎ የመጣው ለየት ያለ ዳቦ ግን ከነላስቲኩ ይመጣል። የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ቤተሰቦች ምግብ ብዙም አይጥሉም ነበር። ቶርቲያ የሚሉት ቂጣ፣ ባቄላ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ጥቂት ሥጋ በየቀኑ በተለያየ መልክ ይዞራል። ዛሬ የተረፈው ነገ ሌላ ወጥ ውስጥ ይገባል። እንጀራው ሲደርቅ ፍርፍር የሚያደርግ ሰው ይህን ለመረዳት ጥናት የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

በአጠቃላይ ሲታይ የቱሳን ቤቶች ከሚገዙት ምግብ ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህል ይጥሉ ነበር። ሲጠየቁ ግን «እኛ ቤት ምግብ አይጣልም» ነው መልሱ። ይህን የሚሉት በልበ ሙሉነት ነው። ለምን ቢባል፣ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ 10 በመቶ አይጥልም። ዛሬ ሁለት ማንኪያ፣ ነገ የሰላጣ ቅጠል፣ ከነገ ወዲያ የወተት ቅሪት ነው የሚጥለው። እጁ እንጂ ልቡ አያውቀውም።

በፊት በር የሚገባውና በጓሮ በር የሚወጣው

ተመራማሪዎቹ ቃለ መጠይቁን የፊት በር መረጃ፣ ቆሻሻውን የጓሮ በር መረጃ ይሉት ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው የሚታየው ልዩነት ዝም ብሎ የተዘበራረቀ አይደለም። ሥርዓት አለው። ይህ ነው የጥናቱ ትልቁ ግኝት፣ በእኔ ሚዛን።

ለጤና ይበጃል የሚባለውን ነገር ሰዎች ከእውነቱ አብልጠው ይናገራሉ። አሜሪካኖች ክብደት መቀነስ ሲያምራቸው የሚበሉት ኮቴጅ ቺዝ የሚባል አይብ አለ። በላን ያሉት ከቆሻሻው ከታየው በ311 በመቶ በልጦ ተገኘ። ጉበት በ200 በመቶ። ቱና በ184 በመቶ። የአትክልት ሾርባና ስቡ የወጣለት ወተትም በዚያው መንገድ ናቸው። አያስመሰግንም የሚባለው ደግሞ ይጎድላል። ስኳር ከእውነተኛው በ94 በመቶ አንሶ ተነገረ፤ አልበላንም ማለት ምንም አልቀረውም። ቺፕስና ፈንዲሻ በ81፣ ከረሜላ በ80፣ አይስክሬም በ63 በመቶ ዝቅ ብለው ተነገሩ።

አስቡት። ጉበትን ማን ይሟገትለታል? የበላውን በሦስት እጥፍ የሚያጋንን ሰው ይኖራል ብሎ የሚገምት የለም። ግን በዚያን ዘመን ጉበት ደም ይሞላል፣ ልጅ ያጠነክራል ይባል ነበር። ሴትየዋ ስትጠየቅ «በሳምንት አንዴ እሠራለሁ» ትላለች። እንደዚያ ማድረግ እንዳለባት ታውቃለች። ባለፈው ወር አንድ ቀን ሠርታለችም። ያቺ አንድ ቀን በሐሳቧ ውስጥ ልማድ ሆናለች።

ሌላም አለ። የቤቱን ምግብ የምትገዛዋና የምታበስለዋ ሴት ቤተሰቧ የሚበላውን ጠቅላላ መጠን ከፍ አድርጋ ትናገራለች። ልጆቼን አጠግባለሁ፣ ባሌን አላስርብም ማለቷ ነው። የጥናቱ ሰዎች ለዚህም ስም አውጥተውለታል፤ በእኛው አነጋገር የባለሙያዋ እመቤት ነገር ልንለው እንችላለን። ሙያ እንዳይነካ።

መጠጡ ላይ የተገኘችው ዘዴ ደግሞ ታስቃለች። ጠጪውን ስትጠይቀው ከ40 እስከ 60 በመቶ ቀንሶ ይነግርሃል። እዚያው ቤት የሚኖረውን የማይጠጣውን ሰው ብትጠይቀው ግን መልሱ ከቆሻሻው ጋር ይገጥማል። ሚስት የባሏን ጣሳ ቆጥራ ታውቃለች። ባልየው የራሱን አያውቅም። ወይም ቢያውቅም ለራሱ የሚነግረው ቁጥር ሌላ ነው። ዳሰሳ የሚሠራ ሰው ከዚህ የሚወስደው ትምህርት አለ፤ ስለ ጠጪው ጠጪውን አትጠይቅ።

ሰው የሰማውን ምክር እንዴት እንደሚተገብርም ገንዳው አሳይቷል። በ1982 የአሜሪካ የሳይንስ አካዳሚ ስብና ካንሰርን የሚያገናኝ ዘገባ አወጣ። ወሬው በየጋዜጣው ናኘ። በዓመቱ የቱሳን ቆሻሻ ተለወጠ። ሰዎች ከሥጋው ላይ ጮማውን እየቆረጡ መጣል ጀመሩ። ጮማ የበዛበትን ሥጋ መግዛቱንም ቀነሱት። እስከዚህ ድረስ ምክሩ ሠርቷል። ነገር ግን የቋሊማ፣ የሳላሚና የመሳሰሉት ማሸጊያ በዛ። እነዚህ ውስጥ ያለው ስብ ተፈጭቶ የገባ ስለሆነ በዓይን አይታይም። ቢላም አያወጣውም። የሚታየውን ስብ ጥለው የማይታየውን በሉ። ብትጠይቃቸው ግን ስብ ቀንሰናል ይሉሃል፤ እውነታቸውንም ነው። ጮማውን በገዛ እጃቸው ሲቆርጡ አይተዋል።

መልካም ዘመቻ፣ የከፋ ገንዳ

ጥናቱ ከቱሳን ወጥቶ ሌሎች ከተሞችም ሄዷል። በ1986 ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን ባለችው ማሪን ካውንቲ የተገኘው ነገር ዘመቻ ለሚወዱ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ቢነበብ ደስ ይለኛል።

እዚያ የቤት ውስጥ አደገኛ ነገሮች የሚሰበሰቡበት አንድ ቀን ተወሰነ። የተረፈ ቀለም፣ የመኪና ዘይት፣ የተባይ መድኃኒት የመሳሰለውን ሁሉ «ከተራው ቆሻሻ ጋር አትቀላቅሉ፣ በዚህ ቀን አምጡ» ተባለ። ማስታወቂያው በደንብ ተነገረ። ሕዝቡም አመጣ። ሁለት ወር ቆይተው የየቤቱን ቆሻሻ ሲመረምሩ ግን አደገኛው ነገር ከዘመቻው በፊት ከነበረው ከእጥፍ በላይ ሆኖ አገኙት!

ነገሩ እንዲህ ነው። ከማስታወቂያው በፊት የቀለም ቆርቆሮው ጋራዥ ውስጥ ተረስቶ ተቀምጧል። ማስታወቂያው አስታወሰው። ሰውዬው አወጣና አዘጋጀው። በቀጠሮው ቀን ግን ሥራ ነበረበት፣ ወይም ከከተማ ወጥቶ ነበር። ቀጣይ ቀን አልተነገረውም። አሁን ደግሞ መርዝ ቤቱ እንዳለ አውቋል። ምን ያድርገው? በተለመደው ገንዳ ሰደደው። ጥፋቱ የሰውዬው ብቻ አይደለም። አንድ ቀን ብቻ የሚከፈት በር ለቀረው ሰው ሁሉ የተዘጋ በር ነው።

በዚሁ የአደገኛ ቆሻሻ ምርመራ ሌላም ነገር ታየ። ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ሰፈሮች የሚወጣው በብዛት የመኪና ዘይትና የመኪና ነገር ነው። መኪናቸውን ራሳቸው ስለሚጠግኑ። መካከለኛ ገቢ ካላቸው ቀለምና የቤት ማደሻ ይወጣል። ከሀብታሞቹ ደግሞ ለግቢ ሣርና ለአትክልት የሚረጭ መድኃኒት። የቤት ቁጥሩን ሳታውቅ የሰፈሩን ኪስ ታውቃለህ።

ወደ ክምሩ ውስጥ

ከ1987 ጀምሮ ቡድኑ የቆሻሻ ማራገፊያዎችን መቆፈር ጀመረ። ከነዚህ አንዱ በኒውዮርክ ስቴተን አይላንድ ያለው ፍሬሽ ኪልስ ነው። በ1948 የተከፈተ፣ በዘመኑ በዓለም ትልቁ የሚባል ማራገፊያ ነበር። በትልቅ መሰርሰሪያ ወደ ታች ይወርዳሉ፣ የወጣውን ደግሞ እንደ ወትሮው ጠረጴዛ ላይ ይለያሉ።

ከመቆፈሩ በፊት ሰዎች ተጠይቀው ነበር፦ ማራገፊያውን የሚሞላው ምንድን ነው? መልሱ የሚታወቅ ነው። የፈጣን ምግብ ማሸጊያ፣ ነጩ የማሸጊያ ፎም፣ የሕፃናት ዳይፐር። አብዛኛውን ቦታ የያዙት እነዚህ ሦስቱ ናቸው አሉ። ሲቆፈር ሦስቱ ተደምረው 3 በመቶ አይሞሉም። ከ40 በመቶ በላይ የያዘው ወረቀት ነበር። ጋዜጣ፣ የስልክ ማውጫ፣ ካርቶን። ማንም አልጠረጠረውም። ዳይፐር መንገድ ዳር ወድቆ ሲታይ ያስጠላል፤ ጋዜጣ ታጥፎ ሲጣል ግን ዓይን አይገባም።

ወረቀት ይበሰብሳል የሚለው እምነትም ወደቀ። የ1950ዎቹ ጋዜጣ ተነብቦ የሚገባ ሆኖ ወጣ። እንዲያውም ተመራማሪዎቹ የቆሻሻውን ዕድሜ የሚያውቁት ጋዜጣው ላይ ከታተመው ቀን ነበር። ዓመታት የተቀበረ ሆት ዶግም መልኩን ሳይለቅ ተገኝቷል። ክምሩ ውስጥ አየርም ውኃም በበቂ ስለማይገባ መበስበሱ እጅግ ይዘገያል።

ገንዳው የማይናገረው

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ቆሻሻውንም ቢሆን በጭፍን ማመን አያስፈልግም። አንደኛ፣ ሁሉም ነገር ገንዳ አይገባም። በብዙ የአሜሪካ ቤቶች እቃ ማጠቢያው ሥር የምግብ ትራፊ የሚፈጭ ማሽን አለ። የተፈጨው ወደ ቱቦ ይሄዳል። ውሻ የሚበላው አለ፣ ለአትክልት ማዳበሪያ የሚሆን አለ፣ ተመላሽ ጠርሙስ አለ። ስለዚህ ምግብ ተጥሏል ተብሎ የተመዘነው ከእውነተኛው ያነሰ ነው እንጂ የበለጠ አይደለም። ሁለተኛ፣ ገንዳው ቤቱን እንጂ ሰውየውን አያውቅም። ጣሳውን አባት ይጠጣው ወይ ልጅ፣ ወይ የመጣ እንግዳ፣ ጣሳው አይናገርም።

የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮም ይህንኑ ፈትኖታል። በቆጠራ የሚዘለሉ ሰዎችን በቆሻሻ መገመት ይቻላል ወይ ብሎ የቱሳኑን ቡድን ጠየቀ። ሕፃናቱ ቀላል ነበሩ፤ የዳይፐሩ ብዛት ይናገራል። ከሁሉ የቸገሩት ጎልማሳ ወንዶች ናቸው። የኔ ነው የሚያሰኝ ነገር ብዙም አይጥሉም። ቆጠራው ይበልጥ የሚዘላቸው ደግሞ እነሱኑ ነው።

ይህ ዘዴ አዲስ አበባ ቢመጣ እንዴት ይሆናል ብዬ አስባለሁ። በቱሳን የዚያን ጊዜ አንድ ቤት የጣለው አብዛኛው ነገር አንድ ከረጢት ውስጥ ይገኛል። እኛ ዘንድ ከረጢቱ ላይ ከመድረሱ በፊት ብዙ እጅ አለ። ቆርቆሮውንና አሮጌውን ብረት ቁራሌው ይገዛዋል። ያረጀውን ልብስ ልዋጭ ይወስደዋል። የዘይት ጀሪካኑ የውኃ መያዣ ይሆናል፣ የውኃ ፕላስቲኩን የሚሰበስበው አለ። ቆሼ ደርሶም እየለቀሙ የሚኖሩበት ሰዎች ነበሩ፤ በመጋቢት 2017 ክምሩ ሲደረመስ ከመቶ በላይ ሰው የሞተው አጠገቡና ላዩ ላይ የሚኖር ስለነበረ ነው። ስለዚህ የእኛን ቤት ለማጥናት የሚመጣ ሰው ገንዳው ላይ ብቻ ቢቆም ግማሹን ያጣዋል። ቁራሌውን ማነጋገር አለበት። ጾም በሚጠብቅ ሰፈር ደግሞ የትኛው ወር እንደሆነ ካላወቀ፣ የእንቁላል ቅርፊት ስላጣ ብቻ ሰፈሩን ድሃ ብሎ ይመዘግበዋል።

የገበናውም ጉዳይ አለ። በ1984 ካሊፎርኒያ ላጉና ቢች ውስጥ ፖሊስ አንድን ሰው በዕፅ ጠርጥሮ የቆሻሻ ሠራተኛውን «የእሱን ከረጢት ለእኛ አምጣ» አለው። ማስረጃው ተገኘበት። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1988 ተወሰነ። ስድስት ዳኞች ለሁለት ሆነው፣ ደጅ የወጣ ቆሻሻ ውሻም ልጅም ወሬኛም ሊከፍተው የሚችል ስለሆነ ፖሊስ ለመክፈት የፍርድ ቤት ፈቃድ አያስፈልገውም አሉ። በሐሳብ ከተለዩት ዳኞች አንዱ ብሬናን ነበሩ። አንድ ከረጢት ቆሻሻ ሰው የሚበላውን፣ የሚያነበውን፣ የሚዝናናበትን ሁሉ ያወጣል፣ ስለዚህ ሊጠበቅ ይገባል ብለው ተከራከሩ። የሚገርመው የሁለቱም ወገን ክርክር የቱሳን ተማሪዎች በየቀኑ ያዩትን ነገር ይመስላል። ተማሪዎቹ ደብዳቤ፣ ፎቶ፣ የባንክ ወረቀት ያጋጥማቸው ነበር። ስም ያለበትን ማስቀረትም መመዝገብም ክልክል ነው። የፖሊሱ ጥያቄ «ይህ ሰው ምን አደረገ?» ነው። የነሱ ጥያቄ «በዚህ ሰፈር ምን ይደረጋል?» ነበር፤ ለዚያ የቤት ቁጥር አያስፈልግም። እኔ በብሬናን ወገን ነኝ። ለሳይንስ ከረጢት መክፈትንና ለክስ መክፈትን አንድ አድርጎ ማየት ይከብደኛል።

ፕሮፌሰር ራትጂ በ2012 አረፉ። ዘዴው ግን ሥራ ላይ ነው። ዛሬ በእንግሊዝ የቤት ምግብ ብክነት የሚለካው በሁለት መንገድ ነው። ለቤተሰቡ ደብተር ይሰጠውና የጣለውን በየቀኑ ይጽፋል። በሌላ በኩል የየቤቱ ገንዳ ተከፍቶ ይመዘናል። ደብተሩ የሚያመጣው ቁጥር ገንዳው ከሚያመጣው ያንሳል። ሆኖም ደብተሩን አልተዉትም። ምግቡ ለምን እንደተጣለ፣ ሻግቶ ይሁን በዝቶ ተሠርቶ፣ የሚጻፈው እሱ ላይ ብቻ ነው።